ጅራፍ የፈራንበት ቡሄ

ነሐሴ በገባ ቁጥር የሚናፍቀኝ ቡሄ አንድ ነው፤ ከመምጣቱ በፊት በጣም የፈራሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስንመጣ ገና ትምህርት ያልጀመርሁ ልጅ ነበርሁ። ጎንደር ሳለን ተኩስ ሲሰማ እናቴ እኔን አልጋ ሥር ታስገባኝና እሷም አጠገቤ ትጋደም ነበር። አዲሱ ቤታችን ጣና ዳር፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ታዲያ ቡሄ ሲቃረብ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ጀመሩ። ጅራፍ መሆኑን እናውቃለን፤ ጆሯችን ግን አላመነም። እናቴ የያዘችውን ትለቃለች፣ እኔ አልጋ ሥር እገባለሁ። አባቴ ሊያባብለን ሞክሮ ሲያቅተው ለጎረቤታችን አጫወታቸው።

ጎረቤታችን ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፤ ሆኖም የሰፈሩን ልጆች ጅራፍ በየዓመቱ የሚገምዱላቸው እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠር ያለች ጅራፍ ይዘው መጡና ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዱኝ። እናቴም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለችን።

«የምትፈሪው ሌላ ሰው ስለሚያጮኸው ነው» አሉኝ። «አንቺ ስታጮኺው ግን መቼ እንደሚጮህ ታውቂያለሽ።»

መጀመሪያ እግሬ ላይ ተጠመጠመብኝ። ደጋግሜ ስሞክር ጮኸ፤ ደንገሉ ውስጥ የነበሩት ወፎች ብር ብለው ተነሡ። ሳቅሁ። ዞር ስል እናቴ እጇን ዘርግታለች።

«እስቲ ለእኔም ስጪኝ» አለች።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አጮኸችው። ደግማ ደጋግማ አጮኸችው፤ እንባዋ እየወረደ እንኳ አላቆመችም። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ጠበቋት።

የቡሄ ዕለት ሰዓት እላፊው እንዳይደርስባቸው ልጆቹ ጭፈራውን በጊዜ ጀመሩ፤ ችቦውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ተለኮሰ። እናቴ ደጃፋችን ላይ ቆማ የጋገረችውን ሙልሙል ለጨፋሪዎቹ አደለች። ጅራፍ ሲጮህ አሁንም ትከሻዋ ድንግጥ ይል ነበር፤ ወደ ቤት ግን አልገባችም። ትልቁን ዳቦ ለሽማግሌው አስቀርታ ኖሮ፣ እኔ ወሰድሁላቸው። ከሁለት ቆርሰው ግማሹን ሰጡኝ፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ልጆቹ በጭቃው ውስጥ እየጨፈሩ ወደሚቀጥለው ቤት ሲያልፉ እያየን በላን።