መሪው የማይሰማበት ቦታ

ኦሬስት ናቲዩክ እውነተኛ አውሮፕላን ነድቶ አያውቅም። ዕድሜውን በሙሉ በካናዳ ማኒቶባ ሜዳ፣ ዶፊን አጠገብ፣ የስንዴ ጎተራ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሰማዩን ግን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ በቅቤና በሽንኩርት የተጠበሰውን ፒሮጊ፣ ድንች የተሞላውን ሊጥ፣ አጣጥሞ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሄድፎኑን ያጠልቃል። ያኔ ደጅ የተቆለለው በረዶ ይረሳና የድሮ ዘመን የእንግሊዝ ሰማይ ፊቱ ላይ ይዘረጋል። ደመናው ገለጥ ሲል፣ ከስር ባሕሩ ብልጭ ሲል፣ ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላኑ በአንድ ክንፉ ፀሐይዋ ላይ ዘንበል ሲል፣ ኦሬስት የት እንዳለ እንኳ ይጠፋዋል። ባለቤቱ ማርሊን ይህን ሁሉ “ጨዋታህ” ስትለው ያኮርፋል።

ለእንዲህ ያለው በረራ የሚሆን መሪ ዘንግ መምረጥ ለሱ ቀላል ነገር አይደለም። “እኔን በአንድ ምሽት ጭፈራ ነው የመረጥከኝ፤ ለዚህ ዱላ ግን ስንት ክረምት ፈጀህ!” ትለዋለች ማርሊን። ጀማሪዎች ምክር ሲጠይቁት መልሱ ሁሌም ያው ነው። “በመልኩ አትግዙ። ዓይናችሁን ጨፍኑና መሀሉ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት። እንደ ጉብታ ያለ ነገር እጃችሁን ከነካው ለባለሱቁ መልሱለት።” እነዚያ አሮጌ ተዋጊ አውሮፕላኖች በቀላሉ ይበረግጋሉ፤ በጣት ሳብ ያደረጓቸው እንደሆን አፍንጫቸውን ሽቅብ ይሰቅላሉ። ስለዚህ የራሱን ዘንግ ፈታቶ፣ ጠንካራውን ስፕሪንግ በላላ ለውጦ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ በጉልበቶቹ መሀል ከወንበሩ ጋር አስሮታል።

ሰውን የሚቆጣው በሙት ቦታ ነው። ሙት ቦታ የሚሉት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያስተካክሉ፣ ዘንጉ ቢነቃነቅም አውሮፕላኑ እንዳይሰማው የሚተውትን የመሀል ክልል ነው። ያረጀ ዘንግ ብቻውን ሲቃዥ ለማስታገስ ጥቂት ይከፍቱታል። ከዚያ ያለፈውን ኦሬስት አይምረውም፤ “አውሮፕላኑን አደንቁረኸዋል!” ብሎ ይጮኽበታል።

ታዲያ ባለፈው መኸር የገዛ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ በዘንጉ አሳበበ። ሌላ ገዛ፤ ያም ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ለማንም ሳይተነፍስ ሙት ቦታውን ከፈት አደረገው፤ አውሮፕላኑም ጸጥ አለለት። እጁ ሲብስበት ጨመር አደረገ። የፈራው ሐኪሙን ብቻ አልነበረም። በኢንተርኔት የሚያገኛቸው የቅዳሜ ጓደኞቹ ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ነው የሚበሩት፤ የሱ ቦታ ከሌስተር በስተቀኝ ነው። ሌስተር አሜሪካ፣ ኔብራስካ የሚኖር ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ለዓመታት ጎን ለጎን ሲበሩ በአካል ተያይተው አያውቁም። እጁ መታመሙ ከታወቀ ያቺን ቦታ ያጣል። ያቺን ካጣ ደግሞ ከሳምንቱ ምን ይተርፈዋል?

በየካቲት አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ባሕሩ ላይ ስትንሳፈፍ፣ ኦሬስት ወደ ሌስተር ለመጠጋት ዘንጉን ነካ አደረገው። አውሮፕላኑ አልሰማም። ትንሽ ጨመረ። አሁንም አልሰማም። ሌላ ትንሽ ሲጨምር አውሮፕላኑ ድንገት ሰምቶ ዘለለ።

“ኧረ ቀስ፣ ሽማግሌው! ክንፌን ልትቆርጠው ነው እንዴ?” አለ ሌስተር በሄድፎኑ ውስጥ።

“ዘንጉ ነው ባክህ። አርጅቷል።”

“ገና አሁን የገዛኸው?”

ኦሬስት ዘንጉን እንደገና ነካ አደረገው፤ አውሮፕላኑ እንደገና ዘለለ።

“ስማ እንጂ። አውሮፕላንህ እኮ በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ሆኗል። ቆም፣ ዘለል፤ ቆም፣ ዘለል። ሙት ቦታህን የት አድርሰኸዋል?”

“የዘንጉን እንቅስቃሴ ሩብ ያህል።”

ሌስተር ከት ብሎ ሳቀ። “አንተ? በትንሿ ነገር ሰው ስታሳድድ የኖርከው አንተ?” ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። “ምን ሆነሃል ወንድሜ?”

ከስር ባሕሩ ዝም ብሎ ያልፋል። ኦሬስት እዚያ ሰማይ ላይ ሆኖ መዋሸት አቃተው።

“እጄ ነው” አለ። “ይንቀጠቀጣል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማርሊንም።”



“በል ዝጋው” አለ ሌስተር።

“ምኑን?”

“ሙት ቦታውን ነዋ! ዜሮ አድርገው።”

“አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣላ!”

“ይንቀጥቀጥ! እኔ ትንሽ ፈንጠር ብዬ እበርልሃለሁ። የሚንቀጠቀጠውን እለምደዋለሁ፤ የሚያስፈራኝ ደንቆሮው ነው። ቦታህ እንደሆነ ቦታህ ነው፤ የትም አትሄድብህም።”

ኦሬስት ዘጋው። ክንፉ ንፋስ እንደነካው የተሰጣ ልብስ ተርገበገበ። ዘንጉን በጣቱ ሲነካው ግን አውሮፕላኑ ወዲያው ሰማው፤ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ወደፈለገበት ሄደለት። እንዲህ ከበረረ ስንት ጊዜው! ደስታው እንባ እንባ አለው፤ አላፈረበትም።

ዞር ሲል ማርሊን ኩባያ ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች። ሄድፎኑን አወለቀ።

“ሰማሽ?”

“ሰማሁ።”

“ልነግርሽ ነበር እኮ። በመኸር ነው የጀመረኝ፣ ከዚያ...”

“አንተ ሰውዬ” አለች፣ “ከባለፈው ፋሲካ ጀምሮ ሻይህን በግማሽ ኩባያ ነው የምቀዳልህ፤ እንዳይፈስብህ።”

“በፋሲካማ ገና አልጀመረኝም ነበር።”

“ጀምሮህ ነበር። አንድ ቀን ‘ምነው ጎደለ?’ ቢለኝ እነግረዋለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ ሆዬ ጠጥተህ ኩባያውን ትመልስልኛለህ።”

ኦሬስት የያዘችውን ኩባያ አየው። ሻዩ ከግማሽ አያልፍም። 

ማርሊን ሻዩን በግራ እጁ በኩል አስቀመጠችለት፤ ወንበር ስባም አጠገቡ ተቀመጠች።

“ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን” አለችው። “አሁን ብረር፣ ሌስተር እየጠበቀህ ነው።”