«ኸይር ነው» እያለ የሚሮጠው አባቴ

ጎህ ሲቀድ ከአጥር ውጭ የሯጭ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር «ኸይር ነው! ኸይር ነው!» የሚለው የአባቴ የሻከረ ድምፅ ተከትሎ ይመጣብኛል። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ጆሮዬ ግን ይህን አልተቀበለም።

መሮጥ የጀመረው ጡረታ በወጣበት ዓመት፣ በመስከረም፣ ሐኪሙ ስኳር እንዳለበት ነግሮት «ካልተንቀሳቀሱ እግርዎን ያጣሉ» ካለው በኋላ ነበር። ያን ጊዜ የከተማችን የመካነ ሰላም ሰው ሽማግሌ ሲሮጥ የሚያየው ወይ ቤት ሲቃጠል ወይ ሰው ሲሞት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጋቢውን ቤት ጥሎ፣ ሸራ ጫማውን አጥልቆ ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ሲፈተለክ ያዩት ጎረቤቶች፣ ወንዱ ዱላውን ሴቷ ነጠላዋን እያነሱ ተከትለውት ሮጡና ከከተማው መውጫ ላይ ደርሰውበት «ማን ሞተ?» ቢሉት፣ እያለከለከ «ኧረ ስኳር ነው!» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ነው በየደጁ ሲያልፍ፣ ክፉ ወሬ እንደሌለ እንዲያውቁለት «ኸይር ነው!» እያለ መጣራት የጀመረው።

በኅዳር ውርጭ ሲመለስ ከራሱ ላይ እንፋሎት እየተነሳ፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ እንደ ጎረምሳ እየሳቀ ይገባና «ነይ እስኪ ቅደሚኝ!» እያለ በግቢው ያሯሩጠኝ ነበር። ዕድሜውን ቢሮ ተቀምጦ የጨረሰ ሰው እንዲህ ይደሰታል ብሎ ማን ጠረጠረ? እማዬ ግን ሩጫውን ጠላችው። ታላቅ እህቴ ዘሀራ ዓረብ አገር ለሥራ ሄዳ ነበር፤ ወሬዋን የምንሰማው አልፎ አልፎ ከተመላሾች ስለነበር፣ እማዬን ኮቴ ሁሉ ያስደነግጣት ነበር። «አንቱ ሰውዬ፣ እኔን ሳይገሉኝ አይተዉም» ትለውና፣ ጥሪውን እስክትሰማ ድረስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

በበልጉ ዝናብ አንድ ማለዳ ጥሪው ቀረ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነውና፣ ዘሀራ መሞቷን ሊነግሩን የመጡት ሽማግሌዎች መንገድ ላይ የተገናኙት ከሚሮጠው አባቴ ጋር ነበር። በመካከላቸው ሆኖ፣ ጭቃውን እየረገጠ፣ ድምፁ ጠፍቶ በእርምጃ መጣ። ማንም ምንም ሳይናገር እማዬ «ልጄን!» ብላ መሬት ወደቀች።

ክረምቱን ሙሉ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፤ እግሩ ማበጥ ጀመረ፣ እኛም አይተን ተውነው፤ ሁላችንም ደክሞን ነበር። ጉሙ ገለጥ ባለበት አንድ ጠዋት እማዬ ያን ሸራ ጫማ አጥባ፣ ምድጃ ዳር አድርቃ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ይነሱ» አለችው። «ልጄን አጥቻለሁ። እርስዎ ደግሞ ቁጭ ብለው ሲያልቁ አላይም። ይሩጡ፣ ድምፅዎን ልስማው።»

እያለቀሰ አጠለቀው። የዚያን ቀን ጥሪው ሰልሎ ከአጥራችን የሚያልፍ አይመስልም ነበር፤ ሆኖም ጎረቤቶቹ ሰምተውት ኖሮ በየደጃቸው ብቅ እያሉ «ኸይር ያሰማን!» ሲሉ መለሱለት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በሁለት እግሩ ሮጠ።

አሁን ስኳሩን ወርሼ እኔም እሮጣለሁ። አባቴ ያገኘው ደስታ ወደ እኔ ሲመጣ እያዘገመ ነው፤ ድካሙ ይቀድመዋል፣ ጉልበቴም ያመኛል። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ የሰኩ ወጣቶች ቀድመውኝ ያልፋሉ፤ ዛሬ ሯጭ አይቶ የሚደነግጥ የለም፣ ማን ሞተ ብሎ ከደጁ የሚወጣም የለም። ሰው ከድንጋጤ መገላገሉ ደግ ነው፤ እኔን ግን ብቸኝነት ይሰማኛል። ዓይኗ የደከመው እናቴ ብቻ አሁንም በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ከመታጠፊያው ስደርስ የቀረችኝን ትንፋሽ ሰብስቤ «ኸይር ነው፣ እማዬ!» እላለሁ። ያኔ ትቀመጣለች።