ደበላ ያየው ባቡር

ደበላ አቃቂ ላይ፣ ሐዲዱ የገበያውን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ሰንሰለት ጠባቂ ነበር። ባቡር ሲመጣ ሰንሰለቱን ይዘረጋል፤ ሲያልፍ ያወርድና «እለፉ!» ይላል። ሥራው ይኸው ነው። እሱ «እለፉ» ካለ ደግሞ ግራ ቀኝ የሚያይ ገበያተኛ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ጎረቤቱ አደሴ ሞተና ሰፈሩ ድንኳን ተከለ። ደበላ ቀን ሰንሰለቱን እየጠበቀ ሌሊቱን ለቅሶ ቤት ማደር ያዘ። ሚስቱ አሰፋች፣ «ኧረ እባክህ ትንሽ ጋደም በል» ብትለው፣

«ጎረቤት መሬት ላይ እያደረ እኔ አልጋ ላይ? ነገ እኔን ማን ይቀብረኛል?» አላት።

እውነቱን ነው፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው እዚያ ሰፈር ሰው አይባልም። እንቅልፍ ግን ይሉኝታ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰንሰለቱን ዘርግቶ ቆመ። ከማዶ ገበያተኛው ይጠብቃል፤ ከፊት ሽማግሌው ሮሪሳ ጤፍ የጫነች አህያቸውን ይዘው፣ አጠገባቸው ደግሞ አሰፋች ልጇን አዝላ፣ ምሳውን አንጠልጥላ። ባቡሩ መጣ። ደበላ ጭሱን አየ፤ በየመስኮቱ ያሉትን ፊቶች አየ፤ ነጂው እጁን ሲያነሣለት እሱም አነሣ። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ሰንሰለቱን አወረደና «እለፉ!» አለ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የመጣም ያለፈም ባቡር የለም! ግን ያለው ደበላ ነው። «ዛሬ ቀርቷል ማለት ነው» ተባባሉና ተንቀሳቀሱ።

ከፊት ያለችው የሮሪሳ አህያ ግን ሐዲዱ አፋፍ ላይ መንገዱን ዘግታ ተገትራ አልንቀሳቀስ አለች። ሽማግሌው ቢገፏት፣ ቢረግሟት፣ ወይ ፍንክች! ጆሮዋን አቁማ ሐዲዱ ወደሚታጠፍበት ኩርባ ታያለች። አሰፋች በጎን ልታልፍ እግሯን አነሣች። ሮሪሳ ግን አህያዋ ወዳየችበት ዞር ቢሉ ባቡሩ ኩርባውን ጨርሶ ደርሷል። የአሰፋችን ነጠላ ጨምድደው ወደ ኋላ ሳቧት። ባቡሩ እየጮኸ በፊቷ አለፈ።

ለደበላ ግን ያ የመጀመሪያው ባቡር ከዚህኛው ይልቅ ጎልቶ ታይቶት ነበር። ዓይኑ እንደተገለጠ፣ እግሩ እንደቆመ ተኝቶ ኖሯል! አቤት የእንቅልፍ ኃይል! ሲነፍጉት ያልመጣ ባቡር ከነተሳፋሪው አምጥቶ ያሳልፋል።

«አባባ ሮሪሳ፣ በማርያም፣ አይቼው ነበር» አለ ደበላ።

«አይተኸዋል ልጄ። የሚያስፈራውስ ይሄ አይደል?»

ነገሩን ለዕድሩ የነገሩትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ሲኖር ደበላ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ገና ከመቀመጡ፣ ዳኛው «ተነሥ፣ አንተ ሂድና ተኛልን» ይሉታል። ሰው ውኃ ይቀዳል፣ ድንኳን ይተክላል፤ የእሱ ድርሻ እንቅልፍ ሆነ። በመጀመሪያ አፍሮ ነበር፤ ኋላ ለመደው።

ከዓመታት በኋላ ሮሪሳ ሞቱ። ያን ቀን ደበላ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠና ማንም ቢለው አልነሣም አለ። ሲመሽ የሟች ሚስት ወርቅውሃ ከሐዘንተኛው መካከል ተነሥተው መጡና እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ ነገ ገበያ ነው» አሉት። «ለሮሪሳ ብለህ ሂድና ተኛ።»

ደበላ እያለቀሰ ቤቱ ገባ፤ ተኛም።