የፓምፔ ልክ በባለቤቴ ኪስ

ባለቤቴ ዝም ሲል እጠረጥራለሁ፤ ሲያወራ ደግሞ የባሰ እጠረጥራለሁ። ያን በጋ ግን ሁለቱንም ትቶ ማፏጨት ጀመረ። ከተጋባን ጀምሮ ሲያፏጭ የሰማሁት ሳይነግረኝ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰሞን ብቻ ነው። ስለዚህ ጆሮዬን አቆምኩ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ብቻውን ይስቃል።

«እስቲ እኔም ልሳቅ» ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አሳየኝ። መኪና ነው ይለኛል። እኔ የማየው ግን ኮፈን የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ ሞተሩ እንደታረደ በሬ ሆድ ዕቃ ወደ ውጭ የተዘረገፈ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ዝገት ነው። ፈረንጆቹ ራት ሮድ ይሉታል አለኝ። ከወዳደቀ ብረት ሰው በገዛ ቤቱ የሚሠራው፣ ዝገቱ እንደ ጌጥ የሚታይ መኪና ነው አሉ።

«እና ምን ይጠበስ?»

«እሠራዋለሁ።»

«በምን?»

«በምን ትለኛለች እንዴ! እዚህ አገር የጠፋው ብረት ነው?»

እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸም። ወላጆቼ በሰፈራ ወደዚህ ወደ አቦቦ ሲመጡ አዲስ የነበሩት ትራክተሮች ዛሬ በሆዳቸው ዛፍ በቅሎባቸዋል። ባለቤቴ በወጣትነቱ ከነሱ አንዱን ነድቷል። ዛሬም በዚያ ሲያልፍ እጁን ጭቃ መከላከያው ላይ ሳያሳርፍ አይሄድም።

ስለ ፓምፔ ካልነገርኳችሁ ግን የቀረው አይገባችሁም። አልዌሮ ወንዝ ዳር ቁራሽ መሬት አለችን። በበጋ ቲማቲም፣ ባሚያና ቃሪያ አለማባታለሁ። ድሮ ውሃውን በጀሪካን እየተሸከምኩ ነበር የማጠጣው። ኋላ ቲማቲም እየሸጥኩ፣ ለራሴ አንድ ቀሚስ እንኳ ሳልገዛ፣ በናፍጣ የሚሠራ ቀይ ፓምፕ ገዛሁ። የልጆቹ ደብተር፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የሚያፏጨው አፍ የሚበላው ምግብ ሳይቀር የሚወጣው ከዚያ ፓምፕ ነው። በዚያ ፀሐይ ጥቂት ቀን ቢቆም ቲማቲሙ ከነግንዱ ይነዳል። ሞተሩ ደግሞ ከብረት እግሩ ጋር የታሰረው በአራት ብሎን ነው። አራት ብሎን ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ኪሱ ውስጥ መፍቻ ይዞ ከሚዞር ሰው ጋር ለምትኖር ሴት ግን እንቅልፍ ይነሳል።

የራት ሮዱን ንድፍ በወረቀት አልሠራውም። ከምድጃው አመድ ዘግኖ ግቢያችን መሐል መኪናዋን በሙሉ ቁመቷ መሬት ላይ ሣላት። የተገኘ ዕቃ ሁሉ እየመጣ በሥዕሉ ውስጥ ቦታ ቦታውን ይይዛል። መጀመሪያ የአሮጌ ፒክአፕ ጋቢና መጣ፤ በሩ የለም፣ ውስጡ የወፍ ጎጆ አለ። ከዚያ አንድ ጥንድ ባሌስትራ፣ ከዚያ ጎማ የሌላቸው ቸርኬዎች፣ ከዚያ የትራክተር መሪ። መሪውን ያመጣ ቀን መሬት ላይ ዘርፈጥ ብሎ ሲያዞረው ጎረቤቶች በአጥር ላይ አይተው «በሰላም ግባ!» ብለው ሸኙት። እኔም ግቢ ስጠርግ መኪናዋን እንዳላጠፋት ዙሪያዋን መዞር ለመድኩ።

አንድ ቦታ ግን ባዶ ነበር። ከጋቢናው ፊት ለፊት በአመድ የተሠመረች አራት ማዕዘን።

«ይቺስ?»

«የሞተር ናት።»

«ሞተሩስ?»

«ይመጣል።»

«ከየት?»

«ከሆነ ቦታ» አለኝና ዓይኑ ሳያስበው ወደ ወንዙ ሄደ። ቶሎ መለሰው። እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ሁለተኛ ያልጣመኝ ነገር ወንበሩ ነው። ጋቢናው ውስጥ የሣለው ወንበር አንድ ብቻ ነው። እኔን የት ሊያስቀምጠኝ ነው? ብቻውን የሚሄድ ሰው ነው አንድ ወንበር የሚሠራው። ወዴት እንደሚሄድ ግን አልጠየቅኩትም። አንዳንድ ጥያቄ ከተጠየቀ መልስ ይመጣል።

በዚያው ሰሞን ለገበያ ጋምቤላ አብረን ወረድን። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዘን፣ ቲማቲሙን እግራችን ሥር ደርድረን ስንሄድ፣ ይህ ሰው እጁን በጀርባዬ አሳልፎ አቀፈኝ። በጠራራ ፀሐይ! ሰው እያየ! ጣቶቹ ከወገቤ ኋላ ሲርመሰመሱ ይሰማኛል። ደስ ይለኛል ብላችሁ ነው? እኔ ያሰብኩት፣ ይህ ሰው ምን አጥፍቶ ነው የሚል ነው። ፓምፔን ሊወስድ ነው፣ ሊሄድ ነው፣ ወይ ደግሞ ሁለቱንም ነው።

አንድ ሲባጎ ያገኘሁት ልብስ ሳጥብ ነው። ሱሪው ኪስ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። አባቱ ቤት ሠሪ ነበሩ፤ ሜትር አያውቁም፤ የሚለኩትን ሁሉ በገመድ ለክተው ቋጠሮ ያስሩበታል። ባለቤቴም እንደ አባቱ ነው። የቋጠሮውን ትርጉም እሱ ብቻ ያውቃል። ሲባጎውን ዘረጋሁት። ቋጠሮ፣ ክፍት ቦታ፣ ቋጠሮ። የመኪናዋ ልክ በሙሉ እጄ ገባ።

ልብሱን በሳፋው ውስጥ ትቼ ቤቱን መለካት ጀመርኩ። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ በሩ ላይ ሞከርኩ፣ አይሆንም። አልጋው ላይ ሞከርኩ፤ ብረቱን ሊቆርጥብኝ ይችላላ! እሱም አይሆንም። ወደ ግቢ ወጥቼ ጋቢናው ላይ ስዘረጋው አንዱ ገጠመ፤ ባሌስትራው ላይ ሌላው ገጠመ። የቀሩት ሦስት ናቸው። ሲባጎውን በመዳፌ ጨብጬ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ፓምፑ እንደሁልጊዜው ይንደቀደቃል። አጠፋሁት። ሲባጎውን በሞተሩ ቁመት ዘረጋሁ፤ ቋጠሮው ጫፉ ላይ ዐረፈ። በወርዱ ዘረጋሁ፤ ቋጠሮው ጫፉ ላይ ዐረፈ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ወንዝና ቲማቲም እንጂ ማንም የለም። ያም ሆኖ ሰው ያየኝ ይመስል ፊቴ ጋለ።

የመጨረሻው ልክ ግን ከምንም ጋር አልገጠመልኝም። ረዘም ያለ ነው፤ በመካከሉም ሌላ ቋጠሮ አለው፤ ቋጠሮው ደግሞ መሐል ላይ አይደለም፤ አንዱን ወገን አጭር ሌላውን ረጅም አድርጎ ነው የከፈለው። በርሜሉን፣ በርጩማውን፣ የዱቄት ማስቀመጫውን ለካሁ። ምንም። ሲባጎውን አድርቄ ኪሱ መለስኩት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የፓምፑን ማስነሻ እጀታ ማታ ማታ ይዤ እየመጣሁ ዱቄት ውስጥ መቅበር ጀመርኩ። ያለ እጀታው ሞተሩ አይነሳም።

እሑድ ዕለት ጓደኛው መጣ። ጋምቤላ ከተማ የብየዳ ቤት አለው፤ የጎግ ወረዳ ሰው ነው፤ አማርኛን በኋላ ስለተማረው ቃል አይበትንም፤ የሚላትን ግን ቦታዋ ላይ ይበይዳታል። የመጣው መኪናዋ የምታርፍበትን ብረት፣ ሻንሲውን፣ ለመበየድ ልክ ሊወስድ ነው። ሁለቱ በሥዕሉ ዙሪያ ቁጭ አሉ። ባለቤቴ ሲባጎውን አውጥቶ ዘረጋው።

እኔም መሐላቸው ገብቼ አመዱ ላይ ቆምኩ።

«ይቺ ልክ የፓምፔ ናት» አልኩ።

ፉጨቱ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ሲባጎህ። ልትፈታው ነው አይደል?»

«ለሙከራ ነበር… ሌላ ሞተር እስኪገኝ…»

«ቲማቲሙስ ለሙከራ ይድረቅ? ልጆቹስ ለሙከራ ጾም ይደሩ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ በእንግዳ ፊት…»

«እንግዳውማ ይስማ! አብሮ ሊበይድ አይደል የመጣው? ደግሞ ወንበሩ አንድ ብቻ ነው። ፓምፔን ይዘህ ብቻህን ልትሄድ ነው!»

በያጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። «እህቴ፣ ማን ነው ብቻውን የሚሄድ?»

«ጠይቀው! ይሄስ ረጅሙ ልክ የምንድን ነው?»

«ይሄ?» አለ በያጁ። ሲባጎውን አነሳና አጭሩን ወገን በጣቱ ነካው። «ከዚህ እስከዚህ እሱ።» ቀጥሎ ረጅሙን ወገን ነካ፤ ትንሽ አመነታ። «ከዚህ እስከዚህ አንቺ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ባጃጁ ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ማቀፍ፣ ያ ከወገቤ ኋላ የሚርመሰመስ ጣት!

«ባጃጅ ውስጥ ለካኸኝ?»

«ታዲያ ቤት ውስጥ ብለካሽ ትፈቅጂ ነበር?» አለ መሬት መሬት እያየ። «አንድ ወንበር ነው፣ ግን የሁለት ሰው ነው። ጠባብ ሠርቼ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ልስማሽ?»

«እኔ የሱ እጥፍ ነኝ?»

«እጥፍ አይሞላም» አለ በያጁ፣ ሲባጎውን አጥፎ እያስተያየ። «ትንሽ ይቀራል።»

ሳቄ አመለጠኝ። መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። እኔን ጥሎ የሚሄድ ሰው ወርዴን ቋጥሮ ኪሱ ይዞ አይዞርም። ፓምፔን ግን ሊፈታ ነበር፤ ወንበሩ ያንን አያጥበውም። ሁለቱም እውነት ነበሩ። እኔም የትኛውን አምኜ የትኛውን እንደምተው ሳሰላስል አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

«እሺ» አልኩ ለስለስ ብዬ። «በጋው የኔ ነው። በበጋ አንድ ብሎን የነካህ ቀን አንተም መኪናህም ወደ ወንዙ ናችሁ። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ያጠጣልኛል፣ ፓምፑም ሥራ ፈቶ ጓዳ ይተኛል። ያኔ ፈትተህ ውሰደው፤ ክረምቱን ሙሉ ያንተ ይሁን።»

ባለቤቴ አላመነም። «ከምርሽ?»

«ከምሬ።»

ብድግ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። በያጁ ግን አጥሩን አሻግሮ ያያል። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው ዋልካ መሬት ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ የሰው ጫማ ውጦ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል። ሞተር ሳይክሉን እንኳ ክረምት ላይ ጎረቤት መንደር አስፋልት ዳር ነው የምናሳድረው።

«ወንድሜ» አለ በያጁ በመጨረሻ። «በክረምት እዚህ መንገድ ላይ ምን ይሄዳል? ጀልባ?»

ባለቤቴ መንገዱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ወደ ማንጎው ቀና ብዬ ፍሬ እቆጥር ጀመር።

«አውቀሽ ነው!» አለኝ።

«እኔ? ፓምፔን ሰጠሁህ እኮ! በእንግዳ ፊት!»

የዚያን ቀን ከሰዓት ምንም አልተናገረም። ዝም ሲል እጠረጥራለሁ ብያችኋለሁ። አመሻሹ ላይ ሲባጎውን ይዞ ወደ አሮጌዎቹ ትራክተሮች ሄደ፤ ሲመለስ ጉልበቱ ድረስ ዝገት ነበር። በማግስቱ ሱሪውን ላጥብ ስወስድ ሲባጎው ላይ አዲስ ቋጠሮ አገኘሁ። ከመሬት ጀምሬ በራሴ ቁመት ለካሁት፤ ደረቴ ላይ ደረሰ። የትራክተር የኋላ ጎማ ነው። ዋልካውን የሚረግጥ። ለክረምት መንገድ መኪናዋን ከመሬት ሊያነሳት ነው ማለት ነው፤ አመዱ ላይም የኋላው እግር ሰፍቶ እንደገና ተሥሏል። ወንበሯ ግን ባለችበት አለች፤ ወርዷ አልተነካም።

ሰውዬው ሐሳቡን ካልተወ፣ የበጋውን ቃልስ ይጠብቃል? የማስነሻ እጀታውን በዱቄቱ ውስጥ ካለፈው የበለጠ ጠለቅ አድርጌ ቀበርኩት። ለልጆቹም አልነገርኩም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት ወደ ወንዙ ልወርድ የዱቄቱን ክዳን አነሳሁ። እጀታው አለ፤ ትንሽ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እፎይ ልል ስል ግን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዱቄቱ ተገልጦ በእጅ ተደልድሏል፤ ከእጀታው ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለች ቀጭን የሲባጎ መስመር ታትማለች፤ በመስመሯ መጨረሻ ላይም የቋጠሮ ነጥብ አለች። እጀታዬንም ለክቶታል፤ አምሳያውን ሊያሠራ ነው።

ውጭ ግቢው ውስጥ ያፏጫል።