የእናቶች ሳል

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላኝም፤ ግን ሰው መጠየቅ ከኔ በላይ የሚችል ያለ አይመስለኝም ነበር። ቢሯችን አምስት ኪሎ ነው። ሥራችን በአራዳ አሮጌ ቤቶች ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ማንን እንደሚይዝ ማጥናት። ሦስት ነበርን። አንዱ ሐኪም ነው፤ አክታ ይመረምራል፣ ኃላፊያችንም እሱ ነው። ሁለተኛው ካርታ አንሺ ነው፤ የቤቶቹን ስፋትና መስኮት እየለካ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። እኔ ደግሞ ቅጽ ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ፣ ማንን ያስለዋል፣ ከመቼ ጀምሮ እላለሁ።

ከውቤ በረሃ ጀርባ ባሉት ግቢዎች ሦስት ወር ተመላለስን። አንድ ሰፈር፣ አንድ በሽታ፤ እኛ ግን ሦስት የተለያየ መልስ ይዘን ተመለስን። ሐኪሙ የሽማግሌዎች በሽታ ነው አለ፤ ጤና ጣቢያ ድረስ መጥቶ የሚተፋለት ሽማግሌ ብቻ ነበርና። ካርታ አንሺው መስኮት የሌለው ቤት በሽታ ነው አለ፤ ሲያይ የከረመው መስኮት ነዋ! የእኔ ቅጽ ደግሞ የሴቶች፣ በተለይም የእናቶች ነው አለ። ጉዱ ግን ምን መሰላችሁ፣ ያስለናል ያሉኝን እናቶች ሐኪሙ አክታቸውን በብልቃጥ አስመጥቶ ሲመረምር ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል። "እነዚህ ሴቶች ምን ሆነው ነው የሚስሉት?" ብሎ ይነተርከኛል። እኔም "እሱን ማይክሮስኮፕህን ጠይቀው" እለዋለሁ።

ስዞር ብቻዬን አልነበርኩም። ቀበሌው ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ መድቦልኝ ነበር፤ ለደኅንነትሽ ነው ተብዬ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በር ላይ ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል፣ ሕፃን ካየ ያጫውታል። ግን እስቲ አስቡት፣ ባለ ጠመንጃ በር ላይ አቁሞ "ስንት ወንድ ልጅ አለዎት?" ብሎ መጠየቅ! ያኔ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳው የተጧጧፈበት ጊዜ ነው። ከሲኒማ ቤት ደጃፍ፣ ከአትክልት ተራ፣ ከአውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ልጅ ይታፈሳል። በእኔ ቅጽ መሠረት አራዳ ውስጥ ለአቅመ ጠመንጃ የደረሰ ወንድ አልተረፈም፤ ሁሉም ክፍለ ሀገር ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። አልጠረጠርኩም ብል ውሸት ነው። ጠርጥሬአለሁ። ግን ቅጹ ላይ ጥርጣሬ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም፤ እኔም ቶሎ ጨርሼ መሄድ ነበር የምፈልገው።

ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ከእናቴ ጋር አንድ ዕድር የሆኑ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሃምሳውን ያለፉ ሴት ይኖሩ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ነው የምላቸው። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ከኔ በአምስት ዓመት የሚያንስ፣ ቀልደኛ፣ ሰፈሩን የሚያስቅ ልጅ። ጠባቂውን ይዤ ስሄድ "ጅማ አጎቱ ጋ ነው" አሉኝ። ወዲያው ሳል ያዛቸው። ደረታቸውን ይዘው እስኪጎብጡ ድረስ ሳሉ። አንጀቴን በሉት። ቅጹ ላይ "የቤቱ እናት፣ ከባድ ሳል" ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

የሐኪሙ ንትርክ ሲበዛብኝ አንድ ቀን ተናደድኩ። ጠባቂው ስብሰባ የገባበትን ጠዋት ጠብቄ፣ ቅጹን ቤት ትቼ፣ የእናቴን ጀሪካን አንጠልጥዬ ቦኖ ወረድኩና ከሴቶቹ ጋር ለውኃ ተሰለፍኩ። እትዬ ከፊቴ ነበሩ። ውኃቸውን እስከ ቤት ተሸከምኩላቸውና ገብተን በሩን ስንዘጋ፣ "እትዬ፣ አክታዎ ንጹሕ ነው። የሚያስለው ማነው?" አልኳቸው።

ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ። ከላይ ታፍኖ የቆየ ሳል መጣ። ጨርቅ ውስጥ ተቀብሮ የሚሳል ሳል ነው። ልጁ አምስት ወር እዚያ ተኝቷል። ደም መትፋት ጀምሯል። ሰው ወደ ቤት ሲገባ ሳሉ ሲመጣበት እናቱ ቀድመው ይስላሉ፣ ድምፁን ሊሸፍኑለት።

"እኔ ብቻ መሰልኩሽ እንዴ?" አሉኝ። "ይሄ ግቢ ሙሉ ለልጁ ነው የሚስለው።"

እዚያው ጭቃው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ወር ሙሉ ሳል እቆጥራለሁ ብዬ የእናት ብልሃት ስቆጥር ከርሜአለሁ! ከዚያ ዛሬ የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ። "ልጁን እጽፈዋለሁ፤ ስሙን ግን አልጠራም። ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒት ይመጣለታል፣ እናቴ ትሙት!" አልኳቸው። እትዬ እጄን ይዘው ሳሙት። በልቤ ግን ከሰጠሁት ቃል ይልቅ ያገኘሁትን መልስ ነበር የማስበው።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ጀሪካኔን ይዤ ከቦኖ ቦኖ ዞርኩ። ከአሥር የሚበልጡ ልጆች አገኘሁ። ኮርኒስ ላይ ያለ፣ አልጋ ሥር ያለ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ያለ። ስም አልጻፍኩም። ዕድሜ፣ የሳሉን ዓይነት፣ ከዚያ ካርታ አንሺው ለየቤቱ የሰጠውን ቁጥር። ሐኪሙ ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ። "ይኸው! ወጣቶች ናቸው፣ በሽታው የወጣቶች ነው!" እያለ ጨፈረ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ የሰፈሩ ካርታ ግድግዳው ላይ ተዘርግቷል። ካርታ አንሺው ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ የእኔን ቅጽ ከእሱ ሥዕል ጋር አጋብቶታል። ልጅ ያለበት እያንዳንዱ ቤት ላይ ቀይ ነጥብ። የእኔ ወረቀት ለብቻው ቢታይ ማንንም አያሳጣም፤ የእሱም ሥዕል ግድግዳና መስኮት ብቻ ነው። ሁለቱ ሲጋቡ ግን ማን የት እንደተኛ በጣት ያሳያሉ። የእትዬን ቤት አየሁት፤ ቀይ ነጥቧ የስፌት መርፌ ጫፍ ታክላለች። በነጋታው ውጤቱን ለመስማት የሚመጡት ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበርና ከበላይ የተላኩ ሰዎች ናቸው።

የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ሁለቱ እስኪወጡ ጠበቅኩ። ካርታውን አውርጄ ቀደድኩት። አዲሶቹን ቅጾች አንድ ባንድ ቀደድኳቸው። ጠዋት ሐኪሙን "ሁለተኛው ዙር የቦኖ ወሬ ነው፣ አልተማመንበትም። የመጀመሪያውን ተጠቀም" አልኩት። ገብቶት ይሁን ንቆኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። "የቦኖ ወሬ" አለና የመጀመሪያውን ዙር ወረቀት ሰበሰበ። ካርታ አንሺው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታም አልሰጠኝም።

ስለዚህ ጥናታችን በሽታው የሽማግሌዎች ነው፣ እናቶችን የሚያስላቸው የማጀት ጭስ ነው፣ ወጣት ወንዶች ጤነኞች ናቸው ብሎ ተጠናቀቀ። ወረቀቱ የሆነ መደርደሪያ ላይ ዛሬም ይኖራል። ያነበበው ሁሉ ሳያምነው አይቀርም፤ እንዴት እንደተሠራ በደንብ ተብራርቷላ! እኔ ግን ያን ሰሞን ልጆቹን ሁሉ ከአፈሳ ያዳንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ለእትዬ ሄጄ መናገር ነበረብኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ በግቢያቸው በኩል ላለማለፍ በሌላ መንገድ እዞር ጀመር። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

መድኃኒቱ መጣ። የሚታደለው በጥናታችን ተጽፎ፣ አክታው ተመርምሮ ዝርዝር ውስጥ ለገባ ሰው ብቻ ነው። እትዬ ጤና ጣቢያ ሄደው ቢጠይቁ ከዚያ ቤት የተጻፈ በሽተኛ የለም ተባሉ። ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት መጡ። እናቴ ቁጭ ይበሉ ስትላቸው በእጃቸው እንቢ ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

"እጽፈዋለሁ አላልሽኝም?"

"ጽፌው ነበር፣ እትዬ። ሊታወቅበት ሆነና... ፋቅኩት። እንዳይወስዱት ብዬ ነው።"

"አሁንስ?"

"ዝርዝሩ ተዘግቷል።"

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ልጃቸውን ከኮርኒስ አውርደው፣ ከአንድ ጎረቤት ጋር ግራና ቀኝ ደግፈው፣ በፒያሳ መሐል አቋርጠው ሆስፒታል ወሰዱት። ማንም አላስቆማቸውም። አጥንቱና ዓይኑ ብቻ ቀርቶ ስለነበር ያየው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው አሉ። እዚያም ዘግይቷል ተባሉ። በስድስተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የቀበሌው ጠባቂ ሳይቀር መጥቶ ተቀምጧል፤ ጠመንጃውን ሳይዝ፣ አንገቱን ደፍቶ። ጅማ አልነበረም ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ከሴቶቹ መሐል ተደብቄ አለቀስኩ፤ ለልጁ ይሁን ለራሴ ለይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል እትዬ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ከመፋቅሽ በፊት ብትጠይቂኝ ኖሮ የሱን አክታ በኔ ብልቃጥ አመጣልሽ ነበር" አሉኝ። "መድኃኒቱንም በኔ ስም እወስድለት ነበር። ስስልለት ከርሜ የለ?" ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "ያን ሁሉ ስትጠይቂኝ ከርመሽ፣ ይቺን አንዷን ምነው ሳትጠይቂኝ ቀረሽ፣ ልጄ?"