ዜማ ያልገባበት

ትናንት ከጅዳ የተመለሰችው የልጅ ልጄ ዘሐራ የወንድሟን የሁሴንን ስልክ ይዛ መጣችና አንዱን ማዳመጫ በእኔ፣ አንዱን በራሷ ጆሮ ሰካች። ሁሴን ወደ ጦርነቱ ሲሄድ ስልኩን ትቶት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል።

«አባባ፣ ሁሴን የሚወደው የራፕ አልበም ነው። ዓለም ያደነቀው!»

«ሰውዬውን ማን ከሶት ነው እንዲህ የሚከራከረው?» አልኳት። ራፕ ስሰማ ገና መጀመሪያዬ ነው፤ ለመፍረድ ግን የሚቀድመኝ የለም።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮና ንግግር ብቻ ቀረ። ጸጉሬ ቆመ፤ የቀረችኝን ማለቴ ነው።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ በታንኳ አርዲቦ ሐይቅ ገብቶ ቀረ። የመንደራችን ሼህ ይመር ዳር ቆመው፣ ድቤ የሚባለውን ከበሮ እየመቱ፣ ያለ ዜማ ለውሃው በጥድፊያ ያወሩ ነበር። በየመሀሉ መልስ እንደሚሰማ ሰው ዝም ይላሉ።

«ለምን አያዜሙለትም?» ብላቸው፣

«ዜማ ከገባበት ለቅሶ ነው፣ ልጄ። መሞቱን እስክናውቅ እናዋራዋለን» አሉኝ።

አጎቴ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ዜማም አልወጣለትም።

ዘሐራ ከራፑ ጋር በአምባሰል ማንጎራጎር ስትጀምር አፏን በእጄ ከደንኩት።

«አታዚሚ! አውሪ ብቻ።»

በማዳመጫው የሚያወራው ሰውዬ ትንፋሽ ሊስብ ዝም አለ። እኔም ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ።