አባባ ቻይና ድረስ ሽማግሌ የሄዱ ዕለት

ይህ የሆነው ካቻምና ኅዳር ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም ባለው ግቢያችን ነው። ብዙ ነገር ቶሎ የምረሳ ሴት ነኝ፤ ያንን እሑድ ግን ባወራሁት ቁጥር ልቤ እንደ አዲስ ይመታል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም፤ አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው።

የምሠራው አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ዕቃ ግምጃ ቤት። ማሽኖቹ ከቻይና ሲመጡ የሚተክላቸው ባለሙያም አብሮ መጣ። ቼን ይባላል። ማደሪያ ሲፈለግለት አባባ እኛ ግቢ ያለችውን አንድ ክፍል አከራዩት። ዝምተኛ ነው። እግሩ ላይ ብረት ቢወድቅበት እንኳ ይቅርታ የሚጠይቀው ብረቱን ነው። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሁለታችንም ስብርብር ያለ ቢሆንም ተላምደነዋል።

አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ጭንቀቱን ነገረኝ። ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፤ ለእናት ለአባቱ ደግሞ አንድ ነው። እናቱ ዘወትር ቅዳሜ ያላገቡ ልጆች ወላጆች ወደሚሰበሰቡበት መናፈሻ ትሄዳለች። የልጇን ዕድሜ፣ ቁመትና ሥራ ጽፋ ጃንጥላ ላይ ትለጥፍና ከጎኑ ቁጭ ትላለች። ሌሎቹም እንደዚያው። ከጃንጥላ ጃንጥላ እየተዘዋወሩ ለልጆቻቸው ትዳር ይፈልጋሉ።

«ገበያ ነዋ!» ብዬ ሳቅሁ።

እሱም ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቤት ገዝቷል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «የት ነው ያለው?» ይላል። ኢትዮጵያ ሲባል ጃንጥላውን አልፎ ይሄዳል።

በመጨረሻ ግን እናቱ ሊን የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት አገኘችለት። ለወራት ተጻጻፉ። ቼን ወዶአት አብዷል፤ ስሟን ሲጠራ ጆሮው ይቀላል። አሁን ወላጆቿ በቪዲዮ ሊያዩት ቀን ቆርጠዋል። ካልወደዱት አባቷ ሌላ ሰው አዘጋጅተውላታል። የቼን ነገር በዚያች እሑድ አለቀ ማለት ነው።

እኛ ግቢ ኔትወርክ ረግቶ የሚቆመው በሩ አጠገብ፣ አቮካዶው ሥር ብቻ ነው። ስልኩን መቀመጫ ዱካ ላይ ባስቀመጥነው ጀሪካን አስደገፍነው። ቼን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ ተቀመጠ። ብቻዬን አልችልም ብሎ እኔን ከጎኑ አስቀመጠኝ። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

ሊን በእናቷና በአባቷ መካከል ሶፋ ላይ ተቀምጣ ታየች። አባትየው መነጽር ያደረጉ፣ ኮስታራ ሰው ናቸው። ጠየቁት። ቼን አንዲት ቃል መለሰና አቀረቀረ።

«ምን አሉ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ቤት አለህ ወይ አሉኝ። የለኝም አልኳቸው።»

ሊን ጣቶቿን ታያለች። እኔ ልፈነዳ ደረስኩ።

አባባ ከወዲያ «ምንድነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ብድግ አሉ።

«እንዴ! ልጅቱን የሚለምነው ራሱ ነው እንዴ? ሰው የለውም?»

«አባባ፣ አገራቸው እንደዚህ ነው። ይቀመጡ» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ተይኝ እስቲ! ከቤቴ የሚያድር ልጅ ሰው እንደሌለው ብቻውን ሲለማመጥ ቁጭ ብዬ ልይ? አያ ደምሴ! ኧረ አያ ደምሴ፣ ቶሎ ይምጡ!»

ጎረቤታችን አያ ደምሴ እሳት የተነሣ መስሏቸው ጉርሻቸውን ሳይውጡ እየሮጡ መጡ። አባባ በሁለት ቃል አስረዷቸው። ሁለቱም ከዘራቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ስልኩ ፊት ቆሙ። ቼን ደንግጦ ተነሣ።

«እንደምን ዋላችሁ! ደኅና ናችሁ ወይ? ከብቱስ፣ አዝመራውስ ደኅና ነው?» አሉ አባባ።

እኔ በእንግሊዝኛ አልኩ፤ ቼን በቻይንኛ አለ። አሥረኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ባልና ሚስት ተያዩ።

«እኛ የዚህ ልጅ ሰዎች ነን። ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል» ብለው አባባ ቀጠሉ። «ከቤቴ ሲያድር ክፉ ቃል ከአፉ አልሰማንም። ባለቤቴ ታማ ባጃጅ ባጣን ጊዜ በጀርባው አዝሎ አስፋልት ያደረሳት ይህ ልጅ ነው። የወለድኩት እንኳ እንደሱ አይሆንልኝም።»

የወለዱት እኔን መሆኑ ነው፤ ዋጥ አድርጌ ተረጎምኩ። ቼን ግን ሦስት ቃል ብሎ አበቃ።

«ያንን ሁሉ ተናግሬ ይችን ብቻ?» አሉ አባባ።

በዚህ ጊዜ ሊን ቀና አለች። በእንግሊዝኛ በቀጥታ ለእኔ «አልተረጎመውም እኮ! እናትሽን ያዘለውን ዘሎታል!» አለችኝ። ቼን መሬቱ ቢውጠው በወደደ። እሷ ግን ሳቀች፤ እንዴት ያለ ሳቅ! ወደ ወላጆቿ ዞራ ሁሉንም ራሷ ነገረቻቸው። እናትየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

አባትየው ግን አሁንም እንደተኮሳተሩ አንድ ነገር አሉ። «ሽማግሌዎቹ ለምን አይቀመጡም ይላል አባቴ» አለች ሊን።

«መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። የእኛ ደንብ ነው» አልኳት።

ይህን ስትነግራቸው ሰውየው ከሶፋቸው እንደ ወታደር ተነሡ። ሽማግሌ ፊታቸው ቆሞ እሳቸው ሊቀመጡ! ሚስትየውም ተነሡ። ሊንም ተነሣች። አባባ በእጃቸው «ይቀመጡ እንጅ!» ይላሉ፤ ሰውየው «እናንተ ተቀመጡ» እያሉ ያመለክታሉ። ከሁለቱም ወገን የሚቀመጥ ጠፋ። አያ ደምሴ «ኧረ ጉልበቴ!» ብለው አጉረመረሙ።

ሰውየው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ኔትወርኩ ቆመ።

«ምን አሉ? ምን አሉ?» አባባ ጮኹ። ስልኩን አንሥቼ፣ ጀሪካኑን አውርጄ ዱካው ላይ ወጣሁ፤ ቼን እንዳልወድቅ ዱካውን ያዘ። ምስሉ ሲመለስ ሦስቱም እንደቆሙ ናቸው። አባትየው ረጋ ብለው ተናገሩ። ሊን አፏን ሸፈነች። የቼን ዓይን እንባ ሞላ።

«ተናገር እንጂ!» አልኩት።

«ለአዲስ ዓመታችን ቤታችን ና አሉኝ። ቤት ባይኖረውም ቆሞ የሚለምንለት ሰው አለው አሉ።»

ዱካው ላይ እንደቆምኩ እልል አልኩ። አባባ «በሉ እንቀመጥ!» ብለው ሲቀመጡ ቻይናም አብሮ ተቀመጠ።

ቼንና ሊን ተጋቡ። አሁን የሚኖሩት እዚያው አገራቸው ነው፤ ሴት ልጅም ወልደዋል። ባለፈው ወር ሊን በንዴት ደወለችልኝ። ቼን ሳያማክራት ሌላ አገር ሄዶ ለመሥራት ተስማምቶ ኖሯል። ሽማግሌዎቹን አቅርቢልኝ አለችኝ፤ በእኛ ዘንድ ያጋባ ሽማግሌ ሲጣሉም እንደሚጠራ ድሮ ነግሬያት ነበር። አባባ ደስ ብሏቸው ጋቢያቸውን አጣፉ። ቼንን በደንብ አድርገው ተቆጡት፤ እኔም ጮክ ብዬ ተረጎምኩ። አንገቱን ደፍቶ «አልሄድም» አለ።

ሊን ወዲያው ስልኩን አልዘጋችም። «እኔም እንደ ቼን ብቸኛ ልጅ ነኝ። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። ዛሬ ባሌን የሚቆጣልኝ ሰው አገኘሁ» አለችኝ።

ይህን ለአባባ ስነግራቸው «ታዲያስ! እሷም የእኛው ናት» አሉ እንደ ቀላል ነገር። እኔ ግን አቮካዶው ሥር ቆሜ እየሳቅሁ አለቀስኩ። አሁንም ይህን ስጽፍ ያው ነው የሚያደርገኝ።